ባዮሱ ሴቭ አድርጓል፤ እምቢ ያለው ራሙ ነው

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት የማደርግበት ኮምፒውተር አለኝ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 3600፣ ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው። ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም ነበረው። በቅርቡ ሌላ ሁለት ገዝቼ 32 አደረስኩት። ብራንዳቸው ይለያያል፤ ሁሉም ላይ ግን 3200 ይላል። ፍጥነት ፈልጌ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) እገባና ፕሮሰሰሩን 4.3 ጊጋኸርዝ፣ ራሙን ኤክስኤምፒ (ላዩ ላይ በተጻፈው ፍጥነት የሚያሠራው ሴቲንግ) አድርጌ ሴቭ ለማድረግ ኤፍ10 እጫናለሁ። ስክሪኑ ይጠቁራል። ፋኑ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል። እንዳይቃጠል ፈርቼ ከዲቫይደሩ አጠፋዋለሁ። መልሼ ሳበራው ሁሉም ወደነበረበት ተመልሷል፤ ፕሮሰሰሩ 3.6፣ ራሙ 2133። የባዮስ ባትሪውን ሁለቴ ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ሰዓቱም አንዳንዴ ዊንዶውስ ላይ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀኑ ግን ልክ ነው። ከጎኑ ኡቡንቱ ጭኛለሁ። አንድ ባለሙያ አይቶት ‹ቦርዱ ሴቭ ማድረግ አቁሟል፣ ቀይረው› አለኝ። አዲስ ልግዛ?»

ምላሽ፦ አትግዛ። ሦስተኛ ባትሪም አትጨምር። ከጻፍከው እንደምረዳው ቦርድህ ሴቭ ማድረግ አላቃተውም። ሴቭ አድርጓል። በአዲሱ ሴቲንግ ለመነሳት ሞክሯል። ሲያቅተው ወደሚያውቀው ተመልሷል። «አልያዘልኝም» እና «ይዞ ተወው» ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ስክሪኑ ላይ የምታየው ያው 2133 ነው። መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የባትሪ፣ የጃምፐር (ቦርዱ ላይ ያለ ሴቲንግ የሚያጠፋ ትንሽ ማገናኛ) ወይም የቺፕ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የራም፣ የቮልቴጅ፣ የሙቀት፣ አንዳንዴም የትዕግስት ጉዳይ ነው።

ሰዓቱን ላስቀድም። ሁላችሁንም ያሳሳተው እሱ ይመስለኛል። ባትሪው የሞተበት ኮምፒውተር ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ቀኑንና ዓመቱንም ያጣል። ከዓመታት በፊት ወደነበረ ጃንዋሪ 1 ተመልሶ ታገኘዋለህ። ብራውዘሩም ድረ ገጽ በከፈትክ ቁጥር የደህንነት ማስጠንቀቂያ እያወጣ ያሰለችሃል። ያንተ ግን የሚቀረው በትክክል 3 ሰዓት ነው፣ ቀኑም ልክ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ኡቡንቱ የቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ ያስቀምጠዋል። ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን ቁጥር የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ከኡቡንቱ ወጥተህ ዊንዶውስ ስትከፍት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 9፡00 ማለት ሲገባው 6፡00 ይልሃል። እኛ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር ስለምናስብ ግራ መጋባቱ እጥፍ ይሆናል። ኡቡንቱ ላይ በአንዲት መስመር ትእዛዝ የቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲቆጥረው ማድረግ ይቻላል። ባትሪው ንጹሕ ነው። ሁለቱን በከንቱ ነው የገዛሃቸው።

«ባትሪው ነው» የሚለው ነገር የመጣው ከድሮ ቦርዶች ነው። ያኔ ሴቲንጉ የሚቀመጠው ባትሪው እስካለ ብቻ በሚኖር ትንሽ ሜሞሪ ውስጥ ነበር። ባትሪው ሲሞት ሁሉም አብሮ ይሞታል። ዛሬ ባሉት ቦርዶች አብዛኛው ሴቲንግ የሚጻፈው ራሱ ባዮሱ በሚኖርበት ፍላሽ ቺፕ ላይ ነው። ባትሪው ዋና ሥራው ሰዓቱን ማስኬድ ነው። ሙሉ በሙሉ ከደሙ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙ ቦርዶች ባትሪው ሞቶ ሲያገኙት «ሪሴት ተደርጌያለሁ» ብለው ሴቲንጉን ይጥሉታል። ግን ይህ የሚሆነው መብራት ተነቅሎ ካደረ በኋላ ነው። ኤፍ10 ከተጫነ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አይደለም። አንተ የምታየው ወዲያው ነው።

አሁን ወደዚያ ጥቁር ስክሪን እንምጣ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ ምንም ከመውጣቱ በፊት ፕሮሰሰሩና ራሙ መግባባት አለባቸው። ምልክቱ በስንት ቅጽበት ይደርሳል፣ በየትኛው ቮልቴጅ፣ ከየትኛው ራም ቀድሞ ይመጣል የሚለውን ይለካሉ። ይህን የራም ትሬኒንግ ይሉታል። የራም ፍጥነት በቀየርክ ቁጥር ልኬቱ ከዜሮ ይጀምራል። ካልተሳካ ቦርዱ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይሞክራል። ብዙ ቦርዶች ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው አልሆን ሲላቸው ነው በነባሪው፣ ማለትም ምንም ሳይነካ በነበረው ፍጥነት የሚነሱት። ፋኑ ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል ያልከው ይኸው ነው። እየተቃጠለ አይደለም፤ እየሞከረ ነው።

አንተ ደግሞ መሃል ላይ ከዲቫይደሩ ታጠፋዋለህ። ቦርዱ ይህን የሚቆጥረው «በአዲሱ ሴቲንግ ሳልነሳ ቀረሁ» ብሎ ነው። በቀጣዩ ሲበራ ሴቲንጉን ይጥለዋል። ሊሳካ የነበረውን ሙከራ ራስህ አክሽፈኸው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ዲዲአር4 (ከአዲሱ ዲዲአር5 በፊት የነበረው የራም ትውልድ) ቦርድ ላይ ኤፍ10 ከተጫንክ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ እጅህን ሰብስብ። ሻይህን ጠጣ። ዲዲአር5 የገዙ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሱ ከዚህም በላይ መጠበቅ ሊኖርባቸው ይችላል። ብዙዎች አዲሱን ኮምፒውተር «ሞቶ ነው የመጣው» ብለው ሊመልሱት ይሮጣሉ።

ግምቴን በግምትነቱ እንዳትቀበለው አንድ ፈተና ልስጥህ። ገንዘብ አይጠይቅም። ባዮስ ግባና ሁሉንም ወደ ነባሪው መልስ። ከዚያ ፍጥነትን የማይነካ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። ሲነሳ የሚታየውን የብራንድ ሎጎ ማጥፋት ጥሩ ነው፣ ወይም የኪቦርዱን የቁጥር መብራት። ኤፍ10 ተጫን፣ ተመልሰህ ግባና እየው። ከያዘ፣ ኮምፒውተሩን በደንብ ዘግተህ ከዲቫይደሩ አጥፋና ይደር። ጠዋት እየው። ጠዋትም ከያዘ ቦርዱም ባትሪውም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ኦቨርክሎኩ ላይ፣ ማለትም ከነባሪው በላይ ማፍጠኑ ላይ ነው። ማታ ይዞ ጠዋት ከጣለ ባትሪውን ወይም የባትሪውን መቀመጫ ጠርጥር። ማታም እዚያው በሪስታርት ካልያዘ ብቻ ነው የባለሙያው ቃል ትክክል ሊሆን የሚችለው። ያኔም ቦርድ ከመግዛትህ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ፤ እመለስበታለሁ።

ያንተ ፈተናውን ያልፋል ብዬ እገምታለሁ። ምክንያቱ እነዚያ አራት ፍሬ ራሞች ናቸው። ራም ላይ የተጻፈው 3200 ማለት «እኔ ከመንታዬ ጋር ሆኜ በ1.35 ቮልት እዚህ ድረስ ተፈትኛለሁ» ማለት ነው። ከሌላ ብራንድ ጋር አራት ሆኜ ማለት አይደለም። የውስጥ ቺፓቸው ሊለያይ ይችላል፣ ታይሚንጋቸው (መልስ ለመስጠት የሚወስድባቸው ቅጽበት) ሊለያይ ይችላል። ፕሮሰሰሩም የራሱ ወሰን አለው። ኤኤምዲ ለራይዘን 3000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ዋስትና የሚሰጠው በሁለት ራም እስከ 3200 ነው። አራቱ ቀዳዳ ሲሞላ ወደ 2933 ይወርዳል። አራቱም ቺፕ በሁለት ረድፍ የተደረደረባቸው ከሆኑ ደግሞ 2667 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሄደ ሰው አለ፤ ብዙ አለ። ግን ዕድል እንጂ መብት አይደለም። «ሁሉም ላይ 3200 ይላል» የሚለው ሙግት ቦርዱ ፊት አይሠራም።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ የድሮዎቹን ሁለት ብቻ ተው። ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ ይሁኑ፤ ብዙ ቦርዶች ላይ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ተጽፈዋል። ፕሮሰሰሩን አትንካ። ኤክስኤምፒ ብቻ አብራ፣ ኤፍ10፣ ጠብቅ። በ3200 ከተነሳ ነገሩ ተረጋገጠ። ከዚያ አራቱንም መልስና ኤክስኤምፒውን እንደበራ ትተህ ፍጥነቱን ብቻ በእጅህ 2666 አድርገው። ቮልቴጁ 1.35 ላይ መሆኑን አረጋግጥ። ያለ ችግር ከተነሳና ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ 2933ን ሞክር። 3200ን እርሳው። ቪዲዮ ኤዲተር ነህ፤ 32 ጊጋ በ2666 ከ16 ጊጋ በ3200 ይሻልሃል። ባለ 4ኬ ታይምላይን ላይ ራም ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ወደ ሃርድ ዲስክ መቅዳት ይጀምራል። ያንን የትኛውም ፍጥነት አያካክሰውም። የግድ 3200 ካልክ አራቱንም ሸጠህ በአንድ ካርቶን አብሮ የመጣ ሁለት ባለ 16 ግዛ።

ቁጥሩን ስታነብም ተጠንቀቅ። ሲፒዩ-ዜድ የሚባለው ፕሮግራም የሚያሳይህ የእውነቱን ግማሽ ነው። 1600 ካለህ ራምህ በ3200 እየሠራ ነው። 1333 ካለህ 2666 ነው። «ቀነሰብኝ» ብለው ሲያማርሩ ከነበሩ ሰዎች ስንቱ ያለ ችግር ሲሠራ ነበር!

ስለ ፕሮሰሰሩ አጭር ነገር ልበል፣ ደስ ባይልህም። 4.3ን ተወው። 3600 የሚባለው ፕሮሰሰር መነሻው 3.6 ነው እንጂ እዚያ ላይ ቆሞ አይሠራም። ራሱ እንደ ሥራው ጫና እስከ 4.2 ይወጣል። ሁሉንም ኮር በአንዴ 4.3 ላይ ስትቸነክረው ኤክስፖርት ላይ የምታተርፈው ከ10 በመቶ በታች ነው። የምትከፍለው ግን ሙቀት ነው። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ትንሹ ማቀዝቀዣ የተሠራው ለ65 ዋት ነው። አዳማ ደግሞ ሙቀቷን ታውቀዋለህ። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት አንድ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። ፈረንጆቹ ዩቲዩብ ላይ «በዚህ ቮልቴጅ በዚህ ማቀዝቀዣ ሠራልኝ» የሚሉትን እንዳለ አትቅዳ። በዚያ ላይ አቧራው አለ። ያ ንፋስ ከከተማው ወጣ ብሎ ላሉት ተርባይኖች ሲሳይ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አፈር ነው የሚያመጣው። ኬዙን ከፍተህ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ካላጸዳህ ቆይተሃል መሰለኝ። ኤክስፖርት ማፍጠን ከፈለግህ ፕሮግራምህ በግራፊክስ ካርዱ ኢንኮድ እንዲያደርግ ማብራት ከ4.3 በላይ ይጠቅምሃል።

እሺ ካላልክና መሞከርህ ካልቀረ፣ ፍጥነቱን የምትቀይረው በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። ብዙ የራይዘን ቦርዶች ላይ የቦርዱ አምራች ሜኑ አለ፣ ውስጥ ገባ ብሎ ደግሞ የኤኤምዲ የራሱ ሜኑ አለ። እዚህ 4.3፣ እዚያ ሌላ ካልክ የትኛው እንደሚያሸንፍ አታውቅም። ይህም «ሴቭ አልሆነም» ይመስላል። ከዊንዶውስ ሆነው ፍጥነት የሚቀይሩ ፕሮግራሞችም ባዮስ ላይ ያስቀመጥከውን ሊሽሩት ይችላሉ። አንዱን ምረጥ። ራሙንና ፕሮሰሰሩን ደግሞ በአንድ ቀን አትቀይር፤ ሲወድቅ የቱ እንደጣለው ማወቅ አትችልም።

የባትሪውን ነገር ለሌሎች አንባቢዎች ስል ልጨርሰው፤ አንዳንዱ ሰው ጥፋቱ እውነትም እዚያ ነው። ሲአር2032 ይባላል፤ ብዙ የመኪና ሪሞቶች ውስጥ ያለው ያው ነው። አዲሱ በቴስተር ሲለካ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል። ከ2.8 በታች ከሆነ ቀይሩት። ከሱቅ ስትገዙ እዚያው አስለኩ፤ መደርደሪያ ላይ የሞተ ብዙ አለ። ሲአር2025 እንዳይሰጧችሁ። ስፋቱ አንድ ነው፣ ውፍረቱ ግን ከ3.2 ይልቅ 2.5 ሚሊሜትር ስለሆነ መቀመጫው ውስጥ ይላወሳል። ስትቀይሩት ሶኬቱን ንቀሉ፤ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። ማታ ማታ ከዲቫይደር የምታጠፉ ሰዎች ባትሪያችሁ ቶሎ ያልቃል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ሶኬት ላይ ካለ ሰዓቱ የሚኖረው ከፓወር ሰፕላይ በሚመጣ ጭላንጭል ነው፤ ሲነቀል ግን ሸክሙ ሁሉ ባትሪው ላይ ይወድቃል። እንዲያም ሆኖ ማጥፋታችሁን አትተዉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ግፊት ፓወር ሰፕላይ ከሚቃጠል በየሦስት ዓመቱ አንዲት ባትሪ ይሻላል።

አንዳንዱ ቦርድ ደግሞ ከመጀመሪያውም ኦቨርክሎክ አይፈቅድም። ኤ320 እና ኤ520 የሚባሉት የራይዘን ቦርዶች የፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ አያደርጉም። ኢንቴል ላይ ስሙ በኬ የሚያልቅ ፕሮሰሰርና ስሙ በዜድ የሚጀምር ቺፕሴት (የቦርዱ ዋና ቺፕ) ያለው ቦርድ ያስፈልጋል። ከቢሮ ወጥተው የሚሸጡት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ላይ አትድከሙ፤ ሜኑው ራሱ የለም።

ያ ቀላሉ ፈተና ሪስታርት ላይ ካልያዘ ያልኩትን ልመለስበት። መጀመሪያ ጃምፐሩን እይ። ሴቲንግ የሚያጠፋው ጃምፐር ባትሪው አካባቢ ነው የሚገኘው። ሁለት እግር ብቻ ካለው ላዩ ላይ ምንም መኖር የለበትም። ሦስት እግር ካለው ቆቡ በመጽሐፉ የተጻፈው መደበኛ ቦታ ላይ መሆን አለበት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የደንበኛ ቦርድ ላይ ቆቡን ረስቼ ግማሽ ቀን ባዮስ ስሰድብ ውያለሁ። ጃምፐሩ ደህና ከሆነ ባዮሱን እንደገና መጫን ይሞከራል። አዲስ ባዮስ የራም ተኳኋኝነትንም ብዙ ጊዜ ያሻሽላል፣ በተለይ ለእነዚህ ራይዘን ቦርዶች። ግን ነባሪው ሴቲንግ ላይ ሆነህ፣ ከአምራቹ ገጽ ትክክለኛውን የቦርድ ሞዴል አውርደህ፣ በፋት32 በተቀረጸ ፍላሽ፣ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ ብቻ ነው። ዩፒኤስ ከሌለህ ተበደር። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ያኔ እውነትም ቦርድህ ሞቷል፤ የሚያስነሳው ቺፑን በፕሮግራመር የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ከደረስክም ቺፑ 1.8 ቮልት ነው ወይስ 3.3 ብሎ ሳያጣራ ክሊፑን እንዳይሰካ ጠይቀው። ቦርድህ ባዮሱ በዩኤስቢ ብቻ የሚታደስበት ልዩ ቀዳዳ ካለው ይህ ሁሉ ስጋት ይቀልልሃል፤ የኋላውን ሳህን እየው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ቀረኝ፤ ከሁሉም የምፈራልህ እሱን ነው። ኮምፒውተሩ በአዲሱ ፍጥነት ተነሳ ማለት ትክክል ይሠራል ማለት አይደለም። ደካማ ራም ዊንዶውስን ሳይጥል ፋይል ውስጥ ስህተት ይጽፋል። ከካሜራ ካርድ ስትገለብጥ አንዱ ክሊፕ ይበላሻል፤ የምታውቀው ካርዱን ፎርማት ካደረግህ በኋላ ነው። ቀለበቱን በድጋሚ አድርጉልኝ ብለህ ሙሽሮቹን አትጠራም። ስለዚህ ፍጥነቱን በቀየርክ ቁጥር ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም ከፍላሽ አስነስተህ ሌሊቱን አሳድረው። አንዲት ስህተት ካሳየ አንድ ደረጃ ውረድ። አንዲትም ብትሆን። የተሳካውን ሴቲንግ ባዮሱ ውስጥ ፕሮፋይል አድርገህ አስቀምጥ፣ ስክሪኑንም በስልክህ ፎቶ አንሳው። ባዮስ ሲታደስ ፕሮፋይሉ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምትሞክረው ከአሁን እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይሁን። የጥር ሠርግ ከጀመረ በኋላ ባዮስ ውስጥ እንዳትገባ።